ጉዟችን ለፎቶ ብቻ አይሁን፦ ከኩዋላ ላምፑር የተማርነው



ሰሞኑን ስልካችንን በከፈትን ቁጥር የጉዞ ፎቶ ነው የሚቀበለን። አንዱ ዱባይ ከረጅሙ ሕንፃ ሥር ቆሟል። ሌላዋ ኢስታንቡል ጀልባ ላይ ናት። ሦስተኛው ባንኮክ ገበያ ውስጥ በፌስታል ተከቧል። ማሻአላህ፣ አላህ ይጨምርላቸው፤ ምቀኝነት የለብንም። ግን ሲመለሱ "ከተማዋ እንዴት ነበረች?" ብለን ስንጠይቅ የብዙዎቹ መልስ "ፅዱ ናት፣ ሕንፃው ጉድ ነው" ላይ ያበቃል። ጁሙዓን የት እንደሰገዱ፣ ሰዉ ቁርሱን ምን እንደሚበላ፣ ከተማዋን ማን እንደቆረቆራት ብትጠይቋቸው መልስ የለም። የዓመት ቁጠባ፣ አንዳንዴም የሰው ብድር፣ በአርባ ፎቶ አለቀ ማለት ነው።

እኛ ጉዞን አንቃወምም። ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን የቀደሙትን ሕዝቦች ፍጻሜ እንድንመለከት በተደጋጋሚ ይጋብዘናል። የምንቃወመው ዓይን ሳይከፈት ኪስ ብቻ የሚራቆትበትን ጉዞ ነው። ሦስት ሆነን ማሌዥያ ኩዋላ ላምፑር ስድስት ቀን ቆይተን ነበር። ያጠፋነውንም ያተረፍነውንም እናካፍላችሁ፤ ነገ የሚሄድ ወንድም የእኛን ስህተት እንዳይደግም።

ከመነሳታችሁ በፊት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ማሌዥያ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። "እዚያ ስትደርስ ይሰጡሃል" የሚላችሁን ደላላ አትስሙ፤ ኤምባሲውን ወይም የመንግሥታቸውን ድረ ገጽ ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ቅጽ አለ፤ ነጻ ነው። ለቅጹ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት።

ከሁሉም በላይ ግን የሰው ሻንጣ አትያዙ። "ለእህቴ ትንሽ በርበሬ አድርስልኝ" የሚል ጎረቤትም ቢሆን፣ ዕቃው ዓይናችሁ እያየ ካልታሸገ አትቀበሉ። በማሌዥያ ሕግ የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር እስከ ሞት ቅጣት ያደርሳል። "የእኔ አይደለም" የሚለው ቃል ኤርፖርት ላይ ብዙም አያድንም። ጫትም ቢሆን በብዙ የእስያ አገሮች ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ነው የሚቆጠረው። አንድ እስር ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ እናት አለች፣ ልጆች አሉ።

ከኤርፖርት እስከ ከተማ

የመጀመሪያውን ስህተታችንን የሠራነው እዚህ ነው። ሌሊት ደረስን፣ ደክሞናል፣ "ታክሲ?" ብሎ የቀረበንን ሰው ዋጋ ሳንጠይቅ ተከተልነው። ሆቴሉ በር ላይ የከፈልነው ገንዘብ ለሁለት ቀን ምግብ ያሰብነው ነበር። ሰውየውን አንወቅስም፤ ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ኤርፖርቱ ከከተማው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ፈጣኑ ባቡር ከተርሚናል 1 ተነስቶ በ28 ደቂቃ ኬኤል ሴንትራል የሚባለው ዋና ጣቢያ ያደርሳል። ከእሱ በጣም የሚረክስ አውቶቡስም አለ፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ በአንድ ሰዓት ግድም ይደርሳል። ሦስትና አራት ከሆናችሁ ደግሞ ግራብ በሚባለው መተግበሪያ መኪና ጥሩ፤ እኛ አገር በስልክ ታክሲ እንደምንጠራው ነው፣ ዋጋው ከመሳፈራችሁ በፊት ይታያል። ግራብ ሥራውን የጀመረው እዚያው ማሌዥያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ በኋላ መኪና እርሱት። "ተች ኤንድ ጎ" የሚባል ካርድ ገዝታችሁ ገንዘብ ሙሉበት፤ በኤልአርቲውም፣ በኤምአርቲውም፣ በሞኖሬሉም፣ በአውቶቡሱም ይሠራል። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር የተሳፈረ ሰው አይቸገርም። ከመስመሮቹ አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለ ሾፌር ነው የሚሄደው። ለእህቶቻችን ደግሞ፣ ኮሙተር በሚባለው ባቡር ላይ ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች አሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰዓታቸው ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማል፤ አቆጣጠራቸውም ከእኩለ ሌሊት ነው። ከመካከላችን አንዱ የአውቶቡስ ትኬት ላይ "7" የሚለውን አይቶ በእኛ ሰዓት ሰባት መስሎት ተኝቶ ቀርቷል። ትኬቱም ተቃጠለ፣ እኛም ሳቅንበት።

ሰላትና ምግብ

አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ ከተማ ሰላት ለማሳለፍ ምክንያት የለም። በየገበያ ማዕከሉና በየትላልቁ ጣቢያ "ሱራው" የሚባል የመስገጃ ክፍል፣ ከነውዱእ ቦታው፣ ለወንድም ለሴትም ተለይቶ አለ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ቂብላ ይቀየርበታል። እኛ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ነው የምንቆመው፤ እዚያ ግን ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሆቴል ክፍል ውስጥ በልማድ ልንቆም ስንል ጣሪያው ላይ የተለጠፈችው ቀስት መለሰችን። መካ አንድ ናት፤ እኛ ነን ዙሪያዋን የምንቀያየረው። መግሪብ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢና ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ቀስርና ስለ ጀምዕ ከመሄዳችሁ በፊት ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።

ከአገሩ ሕዝብ ከ60 በመቶ በላይ ሙስሊም ነው፣ የሚከተለው መዝሀብም እንደ ሐረርና እንደ ሶማሌ ወገኖቻችን ሻፊዒይ ነው። ነገር ግን የቻይናና የሕንድ ዘር ያላቸው ብዙ ዜጎችም አሉና፣ ሁሉ ምግብ ቤት ሐላል አይደለም። የመንግሥታቸውን የሐላል ምልክት በሩ ላይ ፈልጉ። ካላያችሁ በትህትና ጠይቁ፤ ማንም አይቆጣም።

የተወደደ ሬስቶራንት አያስፈልጋችሁም። "ማማክ" የሚባሉት ምግብ ቤቶች የታሚል ሙስሊሞች ናቸው፣ ብዙዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። ከእኛ ፈጢራ ጋር ወንድማማች የሆነው ሮቲ ቻናይ እዚያ አለ። ሻያቸውን ከኩባያ ወደ ኩባያ ከፍ አድርገው እያንቆረቆሩ አረፋ ያወጡታል፤ "ቴህ ታሪክ" ይሉታል፣ የተጎተተ ሻይ ማለት ነው። ናሲ ለማክ ደግሞ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ ነው፤ ከቃሪያ ድልህ፣ ከኦቾሎኒ፣ ከእንቁላልና ከተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ ጋር ይቀርባል። በርበሬ ለለመደ ሀበሻ እንግዳ አይሆንም።

ምን እንይ?

ከመስጂድ ጀሜክ ጀምሩ። በስሙ የተጠራ የባቡር ጣቢያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1909 የተከፈተ ሲሆን፣ ጎምባክና ክላንግ የሚባሉ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው የተሠራው። ኩዋላ ላምፑር ማለት ራሱ "ጭቃማ የወንዞች መገናኛ" ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 ቆርቆሮ ሊቆፍሩ የመጡ ቻይናውያን ሠራተኞች በዚህ ጭቃ አካባቢ ነው የሰፈሩት። ያ የማዕድን ሰፈር ዛሬ የሆነውን ስታዩ፣ "የእኛ ከተማ አይለወጥም" የሚለው ተስፋ መቁረጥ ትንሽ ያፍራል።

ከዚያ በእግር ወደ ብሔራዊ መስጂዱ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተ ነው፣ አገሩ ነጻ በወጣ በስምንተኛው ዓመት። ጣሪያው ግማሽ የተዘረጋ ጃንጥላ ይመስላል፤ ዝናብ ለማይለየው አገር የሚገባ ሐሳብ ነው። (እናንተም ጃንጥላ አትርሱ፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አይታመንም።) አጠገቡ የእስልምና ጥበባት ሙዚየም አለ። የታላላቅ መስጂዶች ትንንሽ ሞዴሎች፣ በእጅ የተጻፉ ሙስሐፎች፣ ጨርቆችና ጌጦች ተደርድረዋል። ሦስት ሰዓት ቆየን፣ አልጠገብንም። አንዱ ጓደኛችን ከሙስሐፎቹ ፊት ቆሞ "ሐረር የሸሪፍ ሙዚየም ያሉትን የእኛን አይተሃቸዋል?" አለ። ሦስታችንም አላየንም ነበር። ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም ርቀን ሄደን የራሳችንን አለማወቃችንን ተማርን።

መንትዮቹን የፔትሮናስ ሕንፃዎች ሳታዩ አትመለሱም፣ እናውቃለን። 452 ሜትር ናቸው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ በዓለም ረጅሞቹ ነበሩ። ፎቶ አንሱ፣ ግን ይህንንም እወቁ፦ የወለላቸው ቅርፅ ከእስልምና ጥበብ ከታወቀው ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ የተወሰደ ነው። ላይ መውጣት ይከፈልበታል። ከሥራቸው ያለው መናፈሻ ግን ነጻ ነው፣ ጥግ ላይም መስጂድ አለ። መግሪብን እዚያ ሰግዳችሁ ስትወጡ ሕንፃዎቹ በርተው ይጠብቋችኋል። ከዚያ በባቡር አንድ ጣቢያ ወደ ካምፑንግ ባሩ ሂዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1900 የተመሠረተ የማላይ ሰፈር ነው። የእንጨት ቤቶቹ ከሰማይ ጠቀሶቹ ሥር አሁንም አሉ፣ እራትም ርካሽ ነው።

ቋንቋም ይሞከር። "አፓ ኻባር?" ይላሉ ደህና ናችሁ ለማለት፤ ቃል በቃል "ምን ኸበር አለ?" ነው። ዱንያም ዱንያ ነው፣ ኪታብም ኪታብ፣ ሰብርም "ሳባር"። ኢብን በጡጣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በእኛ ቀንድ ዘይላን፣ በእነሱ አካባቢ ደግሞ ሱማትራን ጎብኝቷል። ያኔ ስልክ አልነበረውም፤ ያየውን ግን እስከ ዛሬ እናነባለን።

ጉብኝትና ሥራ አይቀላቀሉ

ይህን ሳንናገር ብናልፍ አማና እንደበላን ይቆጠራል። "በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ ሥራው እኛ ጋ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፣ በዶላር ነው" የሚል መልእክት በየስልኩ ይዞራል። ታይላንድ ብለው የወሰዷቸው ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ድንበር ተሻግረው ማይንማር ውስጥ የማጭበርበሪያ ካምፖች ውስጥ ተዘግተዋል። እየተደበደቡ ሰው እንዲያጭበረብሩ ተገድደዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ስለዚህ ለጉብኝት የሚሄድ የመመለሻ ትኬቱን ይያዝ፣ ቀኑ ሲደርስ ይመለስ። ሥራ የሚፈልግም በሥራ ቪዛ፣ በሕጋዊ መንገድ ይሂድ። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ ፓስፖርታችሁ ግን በደላላ እጅ አይሁን።

በመጨረሻ

"ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ነው" የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ትኬቱ ውድ ነው። ለዚህ ተብሎ መበደርን እኛ አንመክርም። ግን የነገርናችሁ መንገድ ለሐረርም፣ ለደሴም፣ ለጅማም ይሠራል፦ ዋጋ ጠይቆ መሳፈር፣ በእግር መሄድ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር መስገድ፣ የሰፈሩን ምግብ መብላት፣ ከተማዋን ማን እንደቆረቆራት መጠየቅ። እኛ ከተመለስን በኋላ የመጀመሪያ ቀጠሯችን ሐረር ሆኗል፣ ኢንሻአላህ። በግንብ የታጠረችው ጀጎል ውስጥ 82 መስጂዶች አሉ፤ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባት ቆየ፣ እኛ ገና ነን።

አላህ ጉዟችንን ኸይር ያድርግልን፣ በሰላም ሄደን በሰላም የምንመለስ ያድርገን። ያያችሁትን ከተማ ለሌላው በሚጠቅም መልኩ ከታች ጻፉልን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።