ከጋቢው ውስጥ እንውጣ



ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ሲገባ ብዙዎቻችን ሻንጣ እያዘጋጀን፣ ፍራሽና ቁልፍ እያስረከብን፣ ከሱብሒ በኋላ ወደ መናኸሪያ አብሮን የሚወጣ ጓደኛ እየፈለግን ነው። የሰሞኑ ወሬያችን ሁሉ ውጤትና የሚቀጥለው ዓመት ነው። እኛ ግን ለስንብት የመረጥነው ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ነው። ቤት ገብተን፣ ሰማዩ ደፍኖ፣ ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ አላባራ ሲል ስለምንውለው ውሎ ልንጽፍ ወደድን።

ባለፈው ዓመት ከክረምት እረፍት ስንመለስ ከግቢ ውጭ ባለው መስጂድ መግሪብን ሰግደን ደጃፉ ላይ ቆምንና «ክረምት እንዴት ነበር?» ተባባልን። የአብዛኞቻችን መልስ አንድ ነበር፤ ደባሪ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ሄዶ የማይመጣ መብራት፣ የሚቆራረጥ ኔትወርክ፣ እንቅልፍ። ከመካከላችን አንዱ ግን ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እናቴ በየቀኑ ቡና ታፈላ ነበር። እኔ ትዝ የሚለኝ ሽታው ነው፤ የጠጣሁት ትዝ አይለኝም። ጋቢ ተከናንቤ ስልኬ ላይ ነበርኩ» አለ። ያን ጊዜ ሳቅን። ቆይተን ስናስበው ግን ስለ ሁላችንም የተናገረ መሰለን።

ሁለት ወር ያህል ቤታችን ውስጥ ነበርን፤ የከረምነው ግን እንደ እንግዳ ነው። የቀረበልንን በላን፣ በተነጠፈልን ላይ ተኛን፣ የስልካችን ቻርጅ ሲያልቅ አዛጋን። ግቢ ውስጥ የካፌውን ሽሮ ፊታችን አስቀምጠን ስንናፍቀው የነበረው ቤት እኮ ይኸው ቤት ነበር።

እስቲ አንድ የነሐሴ ቀን እናስታውስ። ቦታው ደሴ ይሁን። ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ የጎረቤቱን አጥር ሸፍኗል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲበረታ ቤት ውስጥ መደማመጥ ያቅታል፤ ጋብ ሲል ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ ወደ በርሜሉ የሚንጠባጠበው ብቻ ይሰማል። እናት ከሰል ለማያያዝ ትታገላለች። እርጥበት ገብቶታልና እንቢ ይላል፤ በማራገቢያ ታባብለዋለች። ቡናው ታጥቦ ይቆላል፣ ጭሱ ቤቱን ይሞላል፣ ገና የወጣ ትኩስ ቆሎ በሰፌድ ይቀርባል። ጎረቤት ያሉት እትዬ የፍልሰታ ጾም ላይ ናቸው። የዕለቱን ጾም ፈትተው፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የጭቃውን ደረቅ ደረቅ እየመረጡ መጥተው «ቤቶች!» ይላሉ። አቦል ይቀዳል፤ ቶና ይከተላል። ሦስተኛዋን ስኒ በረካ የሚላት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነው። ሁሉም ጠጥተው፣ መርቀውና ተመራርቀው ይነሳሉ።

በዚህ ቀን ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም። ሌሎቻችንም እንዲህ ያለ ቀን በየቤታችን አለን። የስልጤ ልጆች ብርድ ሲያነሱ በቡላ፣ በቅቤና በወተት የሚሠራውን አተካና ያነሳሉ። የሐረር ልጆች ከወተት ጋር የሚፈላውን ሖጃ ያወራሉ። የአዲስ አበባ ልጆች ከዐስር ሰላት ሲመለሱ ከመንገድ ዳር ተገዝቶ እጅ እያቃጠለ ቤት የሚደርሰውን የበቆሎ ጥብስ ይጠቅሳሉ። ሁላችንም ስለ እነዚህ ነገሮች የምናወራው ግቢ ሆነን ነው። ቤት ስንሆን አናያቸውም።

እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ደስታዎች ከዲናችን ጋር የማይገናኙ የሚመስላቸው ወንድሞች አሉ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ዝናቡ ገላቸውን እንዲያገኘው አድርገዋል፤ ለምን ተብለው ሲጠየቁም ከጌታው ዘንድ ገና የመጣ መሆኑን ነግረዋል። በሌላ ጊዜ ቤተሰባቸውን ማባያ ጠይቀው ከኮምጣጤ በቀር ምንም የለም ተባሉ። እርሱኑ አስመጥተው እየበሉ ኮምጣጤውን አወደሱት። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ በሰፈሩ ደኅንነት ተሰምቶት፣ አካሉ ጤነኛ ሆኖ፣ የዕለት ጉርሱን ይዞ ያነጋ ሰው ዱንያ በሙሉ እንደተሰበሰበችለት አስተምረውናል። እኛ ሦስቱንም ይዘን ነግቶልን «ደባሪ ቀን» እንላለን። ሹክር በምላስ «አልሃምዱሊላህ» ማለት ብቻ አይደለም። የተሰጠንን ነገር ልብ ብሎ ማየትም ከሹክር ነው።

ይህን ረቂቅ ስንወያይበት ግን ከዝግጅት ክፍላችን እህቶች አንዷ ያነሳችው ጥያቄ የጽሑፉን አቅጣጫ ለወጠው። «ደባሪ ነበር የምትሉት እናንተ ወንዶቹ ናችሁ፤ እኛ ለመደበር መቼ ጊዜ አገኘን?» አለች። መልስ አልነበረንም። ከአንድ ግቢ፣ ከአንድ ዓይነት ፈተና ነው የመጣነው። ቤት ስንገባ ወንዱ «ልጄ ደክሞታል፣ ይተኛ» ይባላል። ሴቷ በማግስቱ ምጣድ ታስሳለች፤ ልብስ አጥባ ታሰጣለች፣ ዝናቡ ሲመጣ ሮጣ ታነሳለች፣ ሲያባራ እንደገና ታሰጣለች። ከዚያ ልብስ ውስጥ ግማሹ የተኛው ወንድሟ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ከላይ የዘረዘርነው የክረምት ደስታ ሁሉ የሚሠራው በአንድ ሰው እጅ ነው። ከሰሉን ያያያዘች፣ ጭሱ ዓይኗን ያስለቀሳት፣ ስኒውን በቀዝቃዛ ውሃ የምታጥብ ሰው አለች። እርሷ ቆማ እየሠራች እኛ ጋቢ ውስጥ ሆነን የምንቀበለው ደስታ ከመስተንግዶ አያልፍም። መስተንግዶ ደግሞ ይረሳል፤ ያ ወንድማችን ቡናውን የረሳውም ለዚህ ይመስለናል።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበርና የሰላት ወቅት ሲደርስ ወደ ሰላት ይወጡ እንደነበር መናገራቸውን ኢማም ቡኻሪ ዘግበዋል። ይህን ሐዲስ በየደርሱ ሰምተነዋል፤ አንዳንዶቻችን መድረክ ላይ ቆመን አስተምረንበታል። ውሃ መቅዳትና ስኒ ማጠብ ላይ ሲደርስ ግን ሐዲሱ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ያህል ዝም እንላለን። የእኛ ሱና አወዳደድ በራሳችን ቤት ካልታየ የት ሊታይ ነው?

ሞክሮ ያየ ወንድም አለን። አንድ ዝናባማ ቀን እናቱን «ዛሬ ቁጭ በይ፣ እኔ ላፍላ» አላት። ቡናውን አሳረረው፤ ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። እናቱ ያንን መራራ ቡና እስከ በረካ ጠጣች። ለሳምንት ያህልም ለመጣው ጎረቤት ሁሉ «ልጄ የቆላው ቡና» እያለች ስታወራ ከረመች። እርሱ ክረምቱን ደባሪ ነበር አላለም። ከገበሬ ቤት የመጡ ጓደኞቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ለእነርሱ ክረምት ማለት አረም ነው። «ደክሞኝ ነበር» ይላሉ እንጂ «ደብሮኝ ነበር» ሲሉ አልሰማንም። ከአባታቸው ጋር ጭቃ ውስጥ ውለው ማታ ምድጃው ዳር የበሏትን ንፍሮ እስከ ዛሬ ያነሷታል።

«ዓመቱን ሙሉ ተፈትነን መጣን፤ ማረፍ አይገባንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይገባናል። ክረምቱን ለቁርኣን ሂፍዝ፣ ለንባብ፣ ለኮርስ ያቀደም አለ፤ አላህ ያግዘው። እኛ የምንጠይቀው ቀኑን ሙሉ አይደለም። ቡና ቆልቶ፣ አፍልቶ፣ ስኒ አጥቦ ለመነሳት ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅም። ያንን ያህል ጊዜ ስልካችን በየቀኑ ሳያስፈቅደን ይወስደዋል።

ሁሉም ተማሪ ወደ ቤት እንደማይሄድም እናውቃለን። መንገዱ የሚያሰጋቸው፣ ቤተሰባቸው የተፈናቀለባቸው፣ የትራንስፖርት ዋጋ የከበዳቸው እህቶችና ወንድሞች አሉን። ለእነርሱ ስለ ቤት ደስታ መጻፍ ቁስል መንካት እንዳይሆን ፈርተናል። ስለዚህ ጥሪያችንን ወደ ሚሄዱት እናዙር፤ ከተቻለ አንድ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። እናቶቻችን ለተጨማሪ እንግዳ ፊታቸው አይጠቁርም። አንድ ስኒ ይጨመራል እንጂ ቡናው አያንስም።

አንድ ነገር እንጨምር። ከ2003 እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ረመዷን የዋለው በሐምሌና በነሐሴ ነበር። ብዙዎቻችን ያኔ ግማሽ ቀን ጾመን «ጾመኛ ነኝ» የምንል ልጆች ነበርን። ከውጭ ዝናብና ጨለማ፣ ከውስጥ የሾርባው እንፋሎት፣ ሳምቡሳው፣ ተምሩ፣ አዛኑን ለመስማት በሩን ከፍቶ የቆመው አባት፤ ይህ ሁሉ አሁንም ዓይናችን ላይ አለ። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዷን ከክረምት ወጥቶ ሄዷል። ተመልሶ ሐምሌና ነሐሴን የሚያገኘው በ2035 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያን ጊዜ እኛ የራሳችን ቤት፣ የራሳችን ልጆች ይኖሩን ይሆናል፤ ኢንሻአላህ። ያንን ሾርባ ያፈሉልን እጆች ግን ይኖሩ እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው። ተመርቀን ሥራ ከያዝን በኋላ ሁለት ወር ሙሉ እናታችን አጠገብ የምንቀመጥበት ክረምት ይኖረናል ብለን አናስብም። ከእንግዲህ የቀሩን ጥቂት ናቸው፤ ለዘንድሮ ተመራቂዎች ምናልባት ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ሰማዩ ሲጠቁር ከጋቢው ውስጥ እንውጣ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይዋል። ከሰሉን እኛ እናያይዝ፤ እህታችን ትረፍ ወይም ታንብብ። እናታችን ቁጭ ስትል ስለ ልጅነቷ ክረምት እንጠይቃት፤ ሳንጠይቃት የቀረነውን ሌላ ሰው አይነግረንም። አያት ያለን ደግሞ አያታችን ጎን እንቀመጥ፤ የሚቋረጥ ዝናብና የሚያድር ዝናብ በምን እንደሚለይ እርሳቸው ያውቃሉ።

ስንመለስ ያው መስጂድ ደጃፍ ላይ እንገናኛለን፤ ኢንሻአላህ። «ክረምት እንዴት ነበር?» ስንባባልም ቢያንስ ቡናው ምን ምን ይል እንደነበር የምንናገር ያድርገን።

አላህ በሰላም ያድርሰን፣ በሰላም ይመልሰን፤ ለወላጆቻችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።