ጣሪያው ተወሰነ፤ ወለሉስ?

ከጋምቤላ የወጣ ኳስ ተጫዋች ጥቀሱ ቢባል ከመካከላችን ሁለት ስም ለመጥራት የሚቸገር ያለ አይመስለንም። ኡመድ ኡኩሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ እስክንድርያው ኢትሃድ ተሻግሮ በግብፅ ሊግ ዓመታት ተጫውቷል። ጋቶች ፓኖም በ2017 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ሄዶ ነበር፤ እዚያ ብዙ አልቈየም፤ ክለቡም ራሱ ኋላ ፈረሰ። ለእነዚህ ጋዜጠኛው ጽፎላቸዋል፤ ደጋፊው ዘምሮላቸዋል፤ እኛም ይበል ብለናል። የዛሬው ጉዳያችን ግን ከሌሎቹ ዘንድ ነው።

ሌሎቹ የምንላቸው በባሮ ዳር ሜዳ ኳስ ጀምረው፣ በከፍተኛ ሊግና በአንደኛ ሊግ ሲዘዋወሩ ወጣትነታቸውን የጨረሱትን ነው። ነገሩ የሚጀምረው ገና በልጅነት ነው። መልማይ ይመጣል፤ የልጁን ቁመት ያያል፤ ይወስደዋል። (ስለ ጋምቤላ ልጅ ሲወራ ስለ ቁመቱና ስለ ጉልበቱ እንጂ ሜዳ ላይ ስለሚያስበው ነገር የሚናገር የሬዲዮ ሰው ስንት ጊዜ ሰማችሁ?) ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ከቤቱ መቶ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል። የመጀመሪያው ክለብ ለአንድ ዓመት ያስፈርመዋል። በዓመቱ አሠልጣኙ ይለወጣል፤ አዲሱ አሠልጣኝ የራሱን ተጫዋቾች ይዞ ይመጣል፤ የኛ ልጅ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ሌላ ከተማ። ደመወዙ ሁለት ሦስት ወር ቢዘገይ ማንን ይጠይቃል? በጀት አልተለቀቀም ይሉታል። ቢጎዳም ብዙ ጊዜ የሚያሳክመው ዘመድ ነው። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው የሚጠራው ክለብ ይጠፋል። የመሰናበቻ ጨዋታ የለ፣ የእቅፍ አበባ የለ፣ ተጫውቶ ነበር የምትል አንዲት ወረቀት እንኳ የለች።

ለማነጻጸር ያህል ዩክሬንን እንይ። በዚያ አገር የሙያ እግር ኳስ ሦስት እርከን አለው፤ የመጨረሻው ሁለተኛ ሊግ ይባላል። በዚያ እርከን ዕድሜውን የጨረሰ፣ ከከተማው ውጭ ማንም የማያውቀው ተከላካይ ኳስ ሲያቆም በየትኛው ዓመት፣ ለየትኛው ክለብ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተሰለፈና ስንት ግብ እንዳገባ ተጽፎ ይገኛል። በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. የሩሲያ ጦር ሲገባ የዚያ ዓመት ውድድር ሳያልቅ ተቋረጠ፤ እስከዚያች ቀን የተደረገው ጨዋታ መዝገብ ግን ዛሬም ይነበባል። እነርሱ ሀብታሞች ስለሆኑ ነው እንዳንል፣ ይህን ለመጻፍ እስክሪብቶና ደብተር ይበቃል። በኛም አገር ቢሆን ዳኛው ከጨዋታው በኋላ ሪፖርት ይጽፋል። ታዲያ ወረቀቱ የት ይገባል?

መዝገብ የምንለው ለክብር ብቻ አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ወጥቷል፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተሻሽሏል። ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ይቀመጣል፤ በእርጅና ጊዜ ለዘለቄታው አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያሻል። መልካም። ስድስት ክለብ ዞሮ አሥራ ሁለት ዓመት የተጫወተ ሰው ይህን አገልግሎት በምን ያስረዳል? ከክለቦቹ አንዱ ፈርሶ፣ ሌላው ስሙን ለውጦ፣ የሦስተኛው ጸሐፊ ቁልፉን ይዞ ሄዶ ቢያገኘውስ? ኳስ ጨዋታ እንጂ ሥራ አይደለም የሚሉ አሉ። ጧትና ማታ የሚሠለጥን፣ ሲቀር የሚቀጣ፣ ውል ፈርሞ በደመወዝ የሚያድር ሰው ሠራተኛ ካልተባለ ሠራተኛ ማን ሊባል ነው?

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የእግር ኳሱ ባለ ሥልጣኖች ተሰብስበው የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ስለ ጣሪያው ብዙ ተከራከሩ። ከፍተኛ ሊግ ላይ ለሚለፋው ሰው ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ወለል ግን የዚያን ያህል ጠበቃ አላገኘም። መቸም ጣሪያ የሚያሳስበው ረጅም ቤት ያለውን ነው።

የላይኞቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ አልቀናቸውም። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አምበላችን የነበረው ሉቻኖ ቫሳሎ ኋላ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር አረፈ። ዋንጫ ያነሣው ሰው እንዲህ ከሆነ ዋንጫ በሩቁ ያላየው ምን ይሁን?

ፌዴሬሽኑ የየጨዋታውን የስም ዝርዝር ከሁሉም እርከን ሰብስቦ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ይገባዋል፤ ያለ ጡረታ መዋጮ የተፈረመ ውልም መመዝገብ የለበትም። ይህ እስኪሆን ግን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት አይታየንም። በኅብረታችን ውስጥ የጋምቤላ ልጆች አሉ፤ አኙዋክም ኑዌርም መዠንገርም። ለክረምት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አንዳንድ ደብተር ይያዙ። ኳስ ያቆሙትን ታላላቆቻቸውን፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ክለቡን፣ ዓመቱን፣ ውሉን ማን እንደ ፈረመና ያልተከፈለ ደመወዝ እንዳለ ይጠይቁ። በመስከረም ስንገናኝ ኅብረቱ ገልብጦ አንዱን ቅጅ ለክልሉ ፌዴሬሽን፣ አንዱን ለባለቤቶቹ ይስጥ። ደብተሩን የሚገዛው ማን እንደሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበት።