ማሽኑን የገዛ ገመዱንም ይረከብ

እኔ መካኒክነትን የተማርኩት በኤንትሬ ላይ ነው። ያ ፊያት ሲታመም ጆሮና እጅ ይበቃው ነበር፤ ናፍጣ ይጠረው ኢንጀክተሩ ይበላሽ፣ ከድምፁና ከጭሱ ይታወቃል። ዛሬ ደብረ ኤልያስ የስንዴ ማሳ ላይ የሚቆመው ኮምባይነር ግን ቀይ መብራት ያበራል፣ ቁጥር ይጽፋል፣ ሞተሩንም ራሱ ያጠፋል። ቁጥሩን ፈትቶ የሚያነበው ሰው ያለው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አዲስ አበባ ነው።

ባለፈው አጨዳ አንዱ ኮምባይነር የዘይት ግፊት መብራት አብርቶ ቀጥ አለ። ኦፕሬተሩ ዘይቱን ለካ፤ ሙሉ ነው። አስመጪው ዘንድ ሲደወል «ባለሙያ እስኪመጣ እንዳትነኩት» ተባለ። የኩታ ገጠሙ ገበሬ ወረፋ ይዟል፣ ሰማዩም ጠቁሯል። በመጨረሻ ባለሙያው ደርሶ ላፕቶፑን ሲሰካ የተገኘው ጉድ አይጥ የቆረጠችው የሴንሰር ሽቦ ነው።

ይህ እዚያው ማሳው ላይ ሊታወቅ ይችል ነበር። አብዛኞቹ ከባድ መኪኖችና የእርሻ ማሽኖች ጄ 1939 በሚባል የጋራ ሥርዓት ይሠራሉ። በዚህ ሥርዓት 100 ቁጥር የሞተር ዘይት ግፊት ነው። አጠገቡ 1 ከተጻፈ ግፊቱ የምር ወርዷል፤ ሞተሩን ማስነሳት መግደል ነው። 3 ወይም 4 ከሆነ ግን ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው፣ ሽቦውንና ሴንሰሩን ፈትሽ ማለት ነው። ይህን ለማንበብ የሚያስፈልገው ማሽኑ ሶኬት ላይ በገመድ የሚሰካ አዳፕተርና ኮዱን የሚያነብ ሶፍትዌር የተጫነበት አንድ ላፕቶፕ ነው።

ማንበቡ ቀላል ነው፤ ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮንትሮል ዩኒት፣ ማለትም የማሽኑ ኮምፒውተር፣ ሲቀየር ከማሽኑ ጋር ለማስተዋወቅ የፋብሪካው ሶፍትዌርና ፈቃድ ግድ ይላል፣ እሱን ደግሞ ፋብሪካው ቆልፎ ይዞታል። ይህ ቁልፍ ያስመረረው እኛን ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት በፈረንጆቹ 2023 ሕግ አውጥታ፣ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ አምራቾች የጥገና መሣሪያውን፣ ሶፍትዌሩንና መመሪያውን ለገበሬውና ለግል ጋራዡ እንዲያቀርቡ አስገድዳለች።

እኛ በ2011 ዓ.ም. የእርሻ ማሽን ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ፈቅደናል፤ ደግ ተደርጓል። ግን ሕዝቡ ቀረጡን ከተወለት አስመጪው በምላሹ ምን ይስጥ? እኔ ብሆን አዳፕተሩን፣ የሶፍትዌሩን ፈቃድና የኮዶቹን መጽሐፍ አብሮ ያላመጣ ነፃ አይገባም ባይ ነኝ። የገበሬ ዩኒየኖችም ማሽን ሲገዙ ይህንኑ ውሉ ውስጥ ያስጽፉ።

አስመጪዎች «ሁሉ ከነካካው ማሽኑ ያልቃል» ይላሉ፤ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ኮዱን አጥፍቶ፣ ብልሽቱን እንዳለ ትቶ ገንዘቡን የሚቀበል ጎረምሳ አይቻለሁ። መብራቱ ይጠፋል፣ ባለንብረቱ ይመርቀዋል፣ ሞተሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ይነክሳል። የዚህ መድኃኒቱ ሥልጠና ነው እንጂ መከልከል አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ወጣቶቹ በመስከረም ቢሠለጥኑ ለኅዳሩ አጨዳ ይደርሳሉ። ያኔ የተቆረጠ ሽቦ የሚቀጥል ሰው ከአዲስ አበባ አይጠበቅም፤ የባለማሽኑ የባንክ ወለድ እንደሆነ ኮምባይነሩ ቆሞ በዋለበት ቀንም መቁጠሩን አይተውም።