ማቻው ምድጃ አይግባ

ማቻ የሚባለው የጃፓን አረንጓዴ ሻይ ዱቄትና ነጭ ቸኮሌት አንድ ላይ የሚገቡበትን ድርብርብ ኬክ በቤት የሚጋግር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴውን ዱቄት ከፉርኖ ዱቄት ጋር ነፍቶ ሊጡ ውስጥ ይጨምራል፤ ኬኩ ሲበርድ ደግሞ በየመሀሉ ነጭ ቸኮሌት ያለበት ክሬም ይቀባል። ይህ አሠራር መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ማቻው ከነጭ ቸኮሌቱ ጋር ክሬሙ ውስጥ ይግባ፤ ምድጃ የሚገባው ኬክ ግን ነጭ ሆኖ ይቅር።

ምክንያቱ ያለው ማቻ በሚዘጋጅበት መንገድ ላይ ነው። በኪዮቶ አጠገብ ባለችው በኡጂ፣ ቅጠሉ ከመለቀሙ በፊት ለ20 ቀናትና ከዚያም በላይ የሻይ ተክሉ ከፀሐይ ይከለላል። ብርሃን ያነሰው ተክል ክሎሮፊል ያበዛል፤ ለሻዩ ለስላሳ ጣፋጭነት የሚሰጠው ቲአኒንም ቅጠሉ ውስጥ ይቆያል። ከተለቀመ በኋላ ለጥቂት ሴኮንዶች በእንፋሎት ይመታል፣ ይደርቃል፣ ዘንጉና ጅማቱ ይለያል፤ ከዚያ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። አንድ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው 40 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ በፍጥነት ቢዞር ግለቱ መዓዛውን ያበላሻልና። ለአንድ ኬክ የሚገባው 12 ግራም እንግዲህ የወፍጮው የ18 ደቂቃ ሥራ ነው። ፈጪው ከድንጋይ ግለት እንኳ የጠበቀውን ዱቄት እኛ በ170 ዲግሪ ሙቀት ለግማሽ ሰዓት እናስቀምጠዋለን። ቅጠሉ ቀድሞውኑ በእንፋሎት ተመትቶ የለም ወይ የሚል ይኖራል። የሴኮንዶች እንፋሎት ግን ቅጠሉ እንዳይጠቁር የሚያደርግ ነው፤ የምድጃው ረጅም ሙቀት ሥራው ሌላ ነው። በክሎሮፊል መሀል ያለውን ማግኒዚየም ያስወጣና አረንጓዴውን ወደ ቡናማነት ይወስደዋል። መዓዛው ይተናል፣ ምሬቱ ይቀራል፣ ምሬቱን ለመሸፈን ስኳር ይጨመራል።

ነጭ ቸኮሌት ይህን ስኳር አስቀድሞ ይዟል። በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 20 በመቶ የካካዎ ቅቤ ሊኖረው ይገባል፤ ስኳሩ ደግሞ እስከ 55 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በ200 ግራም ውስጥ እስከ 110 ግራም ስኳር አለ ማለት ነው። መራራው የካካዎ ክፍል ስለሌለበት የሚያመዛዝነው ነገር ይፈልጋል፤ ማቻ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ይመስለኛል። ማቻውን ነፍቶ በጥቂት ለብ ያለ ክሬም ማሸት፣ የቀረውን ክሬም አሙቆ የተከተፈው ቸኮሌት ላይ ማፍሰስና ሲቀዘቅዝ ሁለቱን መቀላቀል ይበቃል። ሌላ ስኳር አያሻውም። ማቻውን በማንኪያ ውኃ በጥብጦ ቀልጦ የተቀመጠ ቸኮሌት ላይ መጨመር ግን አይገባም፤ ትንሽ ውኃ ቸኮሌቱን ወዲያው ያጓጉለዋል።

ለመጋገሪያ የሚሆን ርካሽ ማቻ አለ የሚሉት ልክ ናቸው። ለብስኩት እኔም አልቃወመውም። በዚህ ኬክ ግን የሚፈለገው ራሱ የማቻው ጣዕም ስለሆነ፣ ምሬቱ የበዛ ዱቄት ሊጥ ውስጥ ከሚበዛ ጥሩው በጥቂቱ ክሬሙ ውስጥ ቢገባ እመርጣለሁ። በ2024 መጸው ታዋቂ የኪዮቶ ሻጮች ለአንድ ደንበኛ የሚሸጡትን መጠን እስከመገደብ ደርሰው ነበርና ቁጠባውም ተገቢ ነው። ሊጡ ላይ ቤኪንግ ሶዳ በመጨመር አረንጓዴውን ማቆየት እንደሚቻልም ይነገራል። ቀለሙን በእርግጥ ያግዛል፤ ሲበዛ ግን የሳሙና ጣዕም ይተዋል። ክሬሙ ውስጥ ያለው ማቻም ቢሆን ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ኬኩ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በሁለት ቀን ውስጥም ይበላ።