ዝናብ ሲመጣ የምትታመም መኪና

ይህ ዓምድ የፍቅር ስብራት የሚጠገንበት፣ የአማትና የምራት ነገር የሚዳኝበት እንጂ ጋራዥ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን እጄ ግሪስ ነክቷል። ነገሩ ከኮፈን ስር ይጀመር እንጂ የሚያልቀው ሳሎን ውስጥ ስለሆነ «ደግሞ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ሳትሉ አብራችሁኝ ዝለቁ።

ደብዳቤው «ግራ የገባኝ ነኝ ከገርጂ» ከሚል የ24 ዓመት ወጣት የመጣ ነው። የአጎቱን ቪትዝ እየነዳ በስልክ ጥሪ ተሳፋሪ ይጭናል። በየሳምንቱ ለአጎቱ ገቢ ያደርጋል፤ በተረፈችው ራሱንና የምትማር እህቱን ያስተዳድራል። መኪናዋ ቀን ቀን እንደ ፈረስ ትጋልባለች። ሲመሽና ሲዘንብ ግን ያንቀጠቅጣታል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳታል፣ ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ልትጠፋ ይቃጣታል። ሶስት መካኒክ አይቷታል፣ ሶስቱም «ምንም የላትም» ብለዋል። አጎት ደግሞ እሁድ ጠዋት ነድተዋት ምንም ስላላገኙባት «ማታ ማታ ምን እያደረግህባት ነው?» ማለት ጀምረዋል። የወሩ መጨረሻ ላይ ቁልፉን እንዲመልስ ተነግሮታል። «አጎቴን እንዴት ላሳምናቸው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ አፍሬ ነው ያነበብኩት። ለምን ብትል፣ እኔ በአንተ ሳይሆን በአጎትህ ቦታ ነበርኩ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። በእቁብ የገዛኋት የ2007 እ.ኤ.አ. ስሪት ቪትዝ አለችኝ። ቀን ቢሮ ስለምውል፣ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ያጣው ታናሽ ወንድሜ ከሰዓት በኋላና ማታ ማታ ይሠራባት ነበር። አንድ ምሽት ገብቶ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ «ጋሼ፣ መኪናዋ ልክ አይደለችም» አለኝ። ማግስቱን ጠዋት ነዳኋት። ፀሐይ ወጥቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ መኪናዋ ሰላም! በሳምንቱ ያንኑ ደገመልኝ። አሁንም ጠዋት አየኋት፤ አሁንም ሰላም። ክሊኒክ በር ላይ ሲደርስ ትኩሳቱ የሚጠፋ ልጅ አታውቁም? እንደዚያ ነች። በሶስተኛው ግን የማይባለውን አልኩት። «መኪናዋ ሳትሆን እግርህ ነው የከበደው!»

ያም ሆኖ ጋራዥ ወሰድኳት። የዚህችኛዋ ሞተር ባለ 3 ሲሊንደር ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ቢያመልጠው ሲሶው ኃይል ሄደ ማለት ስለሆነ መንቀጥቀጧ መሪው ላይ ይሰማል። የመጀመሪያው መካኒክ ሶስቱንም ካንዴላ ቀየረ። ሁለተኛው «ነዳጅ አይደርሳትም» ብሎ የነዳጅ ፓምፕ አስገዛኝ። ሶስተኛው ወጣት ነው፤ ኮምፒውተሩን ሰክቶ «ፒ 0300» የሚል ቁጥር አነበበልኝ። ትርጉሙ ሲሊንደሮቹ ያለ ቅደም ተከተል እሳት እየሳቱ ነው ማለት ነው። «ኮይል ነው» አለ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ሶስት ያገለገሉ ኮይሎች ገዛሁ። ጤነኞቹን ኦሪጅናሎች እዚያው ጋራዥ ጥያቸው መሄዴ እስካሁን ይቆጨኛል።

የሚገርመው፣ ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ መኪናዋ ድና ነበር። የምትድነው ግን ጋራዥ የምወስዳት በፀሐይ ስለሆነ ነው! እኔ ይህን አላየሁም። ያየሁት የእቁብ ብሬ ሲያልቅና ወንድሜ በነዳት ማታ ሁሉ እንደገና ስትታመም ነው። ፍርዴን ሰጠሁ፤ ቁልፉን ተቀበልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ማግስቱን ልብሱን ይዞ ጓደኛው ዘንድ ሄደ። እማዬ ለሁለት ሳምንት ቡና ስታፈላ አላናገረችኝም። አንድ ቀን ብቻ «ለቆርቆሮ ብለህ» አለችና ተወችው።

መኪናዋ የያዘችኝ ከዚያ በኋላ ነው። እማዬን ከለቅሶ መልሼ ከለገሃር ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ይዣለሁ። መሽቷል፣ ዝናቡ ዶፍ ነው። የፊት መብራት በርቷል፣ መጥረጊያው ይሠራል፣ መስታወቱ በትንፋሽ ስለተሸፈነ ማራገቢያውን መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውንም ከፍቻለሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ሳንደርስ ጀመራት። ተንቀጠቀጠች፣ ቤንዚን እረግጣለሁ አትሄድም፣ ከኋላ ሚኒባሱ ጡሩንባውን ያንባርቃል። እማዬ ነጠላዋን እያጣፋች «አንተ ልጅ፣ ያቺን ንፋስ የምታመጣውን ስትከፍታት ነው'ኮ የሚያቃስተው» አለች። ማራገቢያውን አጠፋሁት። ረጋች! መልሼ ከፈትኩት። የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ አለ፣ ሞተሩ አቃሰተ። ጋራዥ ረግጣ የማታውቅ እናቴ፣ ሶስት መካኒክ ያላዩትን አየች። የሚያሳምማት ዝናቡ አልነበረም፤ ዝናብ ሲመጣ የምንከፍተው ኤሌክትሪክ ነው።

በማግስቱ ቄራ አካባቢ ጠባብ ሱቅ ያላቸው አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድኩ። ታሪኩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፣ ወንድሜ እንዳበላሻት ጭምር። እሳቸው ኮፈን እንኳ ሳይከፍቱ «ልጄ፣ ህመሙ ሊጀምራት ሰሞን እጁን ያስገባባት ማን ነው?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ። ትንሽ አሰብኩና «ባትሪ ብቻ አስቀይሬ ነበር» አልኩ። ፈገግ አሉ። «አንዳንድ ጠዋት ቁልፍ ስታዞር ጠቅ ብላ ዝም፣ በሁለተኛው ደግሞ የምትነሳ ናት?» አሉ። ናት። እኔ ብርዱ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

«እንግዲህ ዝናቡን እዚሁ እናዘንበዋለን» ብለው፣ በቀትር ፀሐይ ሞተሩን አስነስተው ረጅሙን መብራት፣ ማራገቢያውን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን ሁሉ ከፈቱ። ብዙም ሳይቆይ ስትንቀጠቀጥ በዓይኔ አየኋት! ያቺን ያህል ጊዜ ቀን ደህና ስትሆን የከረመች መኪና።

ከዚያ መልቲሜትራቸውን አወጡ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ራሱ ላይ በቀለችው የኔጌቲቭ እርሳስ ጉብታ ላይ አኖሩ። ከጉብታዋ እንጂ እሷን ከሚያቅፈው ተርሚናል ላይ አይደለም። ሌላውን ጫፍ ከሞተሩ ንጹህ ብረት ጋር አገናኙ። በጤነኛ መኪና ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት፤ ሁሉም ነገር በርቶ እንኳ ከ0.2 ቮልት ባያልፍ ይመረጣል። የእኔው 0.1፣ 0.6፣ 1.1 እያለ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ተርሚናሉን በጣታቸው ነቅነቅ ሲያደርጉት ሞተሩ አብሮ ይንገዳገዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ በፖዘቲቭ ወጥቶ ሥራውን ሠርቶ በመኪናው አካልና በሞተሩ ብረት በኩል ወደ ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። ይህን የመመለሻ መንገድ ነው ባለሙያዎቹ ግራውንድ የሚሉት። ቀን ላይ ጭነቱ ትንሽ ስለሆነ ዲናሞው ብቻውን ይችለዋል። ማታ ሁሉም ሲከፈት፣ በተለይ ሞተሩ ቀስ ብሎ በሚሠራበት በትራፊክ መብራት ላይ፣ ባትሪው ማገዝ አለበት። የባትሪው መንገድ ከላላ ግን እገዛው ይቆራረጣል። ቮልቱ ሲወርድ የነዳጁ ፓምፕ ይደክማል፣ ኮይሉ ለካንዴላው የሚሰጠው እሳት ይቀጥናል፣ ኮምፒውተሩም ግራ ይጋባል። የወጣቱ መካኒክ ኮምፒውተር አልዋሸም። እሳት መሳቷን ነገረን እንጂ ለምን እንደሳተች አልነገረንም። «ኮይል ነው» ያልነው እኛ ነን።

ሽማግሌው በ10 ቁጥር ቁልፍ ዳዶውን ፈቱና ተርሚናሉን አነሱት። ለካስ አዲሱ ባትሪ ጉብታው ቀጭን፣ የእኔ ተርሚናል ደግሞ አሮጌና የሰፋ ኖሯል። ባትሪውን የቀየሩልኝ ልጆች ክፍተቱን ለመሙላት የቆርቆሮ ቁራጭ ሸጉጠውበታል! ቆርቆሮዋ አረንጓዴና ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር አብቅላለች። በፒንሳ ይዘው ወደ ዓይኔ አስጠጉልኝና «ይኸውልህ ወንድምህ!» አሉኝ።

ልኩ የሆነ ተርሚናል አስገቡ፣ ጉብታውን በብርጭቆ ወረቀት አጸዱ፣ አጠበቁት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሁሉንም መብራት ከፍተው እንደገና ሲለኩ 0.03 አለ። ሞተሩ ንቅንቅም አላለ። የጠየቁኝ ዋጋ ከአንዱ ካንዴላ ዋጋ ያነሰ ነበር፤ ልጨምርላቸው ብል አልተቀበሉኝም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ የገርጂው። የአንተም መኪና የእኔው ዓይነት ናት ብዬ አልምልልህም። ምልክቱ ግን ስለሚመሳሰል ሌላ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ይህን አድርግ። መልቲሜትር ግዛ ወይ ተዋስ። ማታ ከሥራ ገብታ ካደረች በኋላ፣ ጠዋት ሳትነሳ ባትሪዋን ለካት፤ 12.6 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፣ ወደ 12.2 ከወረደ ግማሹ የለም። ሞተሩን አስነሳና ለካ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ካገኘኸው ዲናሞው እየሠራ ነው። ከዚያ እንደ ሽማግሌው ዝናብህን አዝንብ፣ ሁሉንም ክፈት። ባትሪው ጉብታዎች ላይ የሚነበበው ከ13 በታች እየወረደ ከሄደ ዲናሞውን ወይ ቺንጋውን አስይ፤ የላላ ቺንጋ ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ ያፏጫል። ከኔጌቲቩ ጉብታ እስከ ሞተሩ ያለው ከ0.2 ቮልት ካለፈ ግን ችግርህ የመመለሻው መንገድ ነው፤ ተርሚናሉን፣ ወፍራሙን ጥቁር ገመድና ሞተሩ ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፈትሽ። ባትሪ የምንበዳደርበት ወፍራም ገመድ ካለህ አንዱን ጫፍ በኔጌቲቩ ጉብታ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያዝና ሞክራት። መንቀጥቀጧ ከቆመ በሽታዋ ታወቀ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ወደ ኮይል ሂድ። ያኔም ቢሆን አትግዛ፤ አዛውር። ኮምፒውተሩ «ፒ 0301» ካለ አንደኛው ሲሊንደር ነው። የአንደኛውን ኮይል ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ወደ አንደኛው አድርገህ ንዳት። ቁጥሩ «ፒ 0302» ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷልና ያን አንዱን ብቻ ቀይር። እዚያው 0301 ላይ ከቀረ ኮይሉ ንጹህ ነው።

አንድ ነገር አደራ! ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ተርሚናል ነቅሎ «ዲናሞው ይሠራል አይሠራም» ብሎ የሚፈትን ሰው ካጋጠመህ እጁን ያዘው። በእነ ዲኤክስ ጊዜ ይደረግ ነበር፤ ኮምፒውተር ባላት መኪና ላይ ግን ቮልቱ ድንገት ዘሎ ውድ ዕቃ ያቃጥልብሃል። ስትፈታ ሞተሩ ጠፍቶ ኔጌቲቩን አስቀድም፤ ስታስር ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን።

ስለ አጎትህ ደግሞ፣ ለብቻህ ለክተህ ወረቀት ይዘህባቸው አትሂድ። ማታ ቤታቸው ሂድ፣ መኪናው ውስጥ አስቀምጣቸው፣ ማራገቢያውንና መብራቱን በራሳቸው እጅ ይክፈቱት። ስትንቀጠቀጥ ከመቀመጫው ይሰማቸዋል። እኔም ያመንኩት ራሴ መሪውን ይዤ ስቀር ነው እንጂ ወንድሜ ስንቴ ነግሮኝ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ቁልፉን ይዤ ጓደኛው ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆሞ ሰማኝ። ስለ ቆርቆሮዋ ነገርኩት፣ ይቅርታም ጠየቅኩት። ቁልፉን ወዲያው አልተቀበለኝም። «ጋሼ፣ እኔ'ኮ የመጀመሪያ ዕለት ያልኩህ ‹ባትሪዋ ከተቀየረ ወዲህ ልክ አይደለችም› ነው» አለኝ። ከዓረፍተ ነገሩ ግማሹን ብቻ ነበር የሰማሁት።

እማዬ ቡና አፍልታ ጠበቀችን። የገርጂው ወንድሜ፣ አጎትህ ምን እንዳሉ ጻፍልኝ። ቸር ሰንብቱ!