የወለምታ ዋጋ ስንት ነው?

የገብስና የስንዴ ዋጋ በየሳምንቱ በኩንታል ይነገራል። ኩንታሉን የሚያነሳው እጅ ግን ዋጋ ወጥቶለት አያውቅም። በዳባትና በደባርቅ ገበያ እህል የሚጭነውና የሚያወርደው፣ በሰሜን ተራሮች ፓርክ የጎብኚ ጓዝ በበቅሎ የሚያደርሰው ሰው ወድቆ እጁን ቢመታ "ወለምታ ነው" ይባላል። ወጌሻ ያሸዋል፤ በሳምንቱ ወደ ጭነቱ ይመለሳል።

ነገር ግን ሁሉም ወለምታ አይደለም። የእጅ አንጓ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉት። እነዚህን አያይዞ የሚይዛቸው ጅማት ሲበጠስ አጥንት ስላልተሰበረ ተራ ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። ሳይታከም የቆየ እንደሆነ አጥንቶቹ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ፤ በዓመታት ውስጥም መገጣጠሚያው ተበልቶ የመጨበጥ አቅም ይደክማል።

ሕክምናው አለ። ከ3 ሚሊ ሜትር የማይወፍር መመልከቻ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ጉዳቱን ያሳያል፤ ሐኪሙም እጁን በሰፊው ሳይከፍት ጅማቱን ሊጠግን ይችላል። ጥገናው የሚያምረው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ለደባርቅ ሰው የሪፈራሉ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ጎንደር፣ ሲብስም አዲስ አበባ ነው።

ሆኖም ከቀዶ ጥገናው ሒሳብ ይልቅ ሠራተኛውን የሚያስፈራው የዕረፍቱ ሒሳብ ነው። ከጥገና በኋላ እጅ 6 ሳምንት ገደማ ታስሮ ይቆያል፤ ከባድ ሸክም ለማንሳት ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ እንዲከፈለው ያዛል። በቀን ለአሥር ነጋዴ የሚሸከም ጫኝ ግን አሠሪው ማን ነው? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ለሕክምና እንጂ ለቀረ የቀን ገቢ አይከፍልም።

መፍትሔውን ከዕድር መማር ይቻላል። 20 ጫኞች እያንዳንዳቸው በቀን 30 ኩንታል ያነሳሉ እንበል። ነጋዴው በኩንታል 50 ሳንቲም ቢያዋጣ በቀን 300 ብር፣ በ100 የሥራ ቀን 30,000 ብር ይሆናል። ይህ አንድን ጉዳተኛ በቀን 300 ብር ሒሳብ 100 ቀን ያሳርፈዋል።

"ዋጋ ይንራል" የሚል አይጠፋም። 50 ሳንቲም ኩንታልን አያስወድድም። ልምድ ያለው ጫኝ ወይም ባለበቅሎ ገና በጉልበቱ ሳለ ከሥራ ሲወጣ ግን የሚከስረው ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን ገበያውም ነው። ዕድር ሟችን በክብር ይሸኛል፤ የቆሰለ እጅ የሚያገግምበትን ጊዜ መግዛት የነጋዴው ድርሻ ይሁን።