በመስታወት የማውቃት ከተማ

አክስቴ መርከቡ ላይ በነቃችበት የመጀመሪያ ጠዋት ያደረገችው ነገር አልጋዋን ማንጠፍ ነው። አንሶላውን ወጥራ፣ ትራሶቹን ደርድራ ስታበቃ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት መወልወል ጀመረች። «ኧረ ተይው፣ የሚሠራ ሰው አለ» ስላት «አውቃለሁ፤ እሱ እንዲቀለው ብዬ ነው» አለችኝ።

ከዱባይ ተነስቶ ወደ ኦማኗ ሙስካት በሚሄድ የክሩዝ መርከብ ላይ ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስድስት ዓመት ልጃችንና አክስቴ። ወሩ ጥር ነው፤ በዚያ አካባቢ ሙቀቱ በርዶ የመርከብ ሽርሽር የሚደራበት ወቅት። የያዝነው መስኮት የሌላቸውን ካቢኖች ነው። ዋጋቸው ይቀንሳል፤ ደግሞስ ለመኝታ ካልሆነ ካቢን ውስጥ ማን ይውላል?

አክስቴ ሙስካት ውስጥ ሰው ቤት 11 ዓመት ሠርታለች። የእኔ የቢዝነስ ዲግሪ የተከፈለው ከዚያ በምትልከው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ይህን ሽርሽር ሳስብ ዋናው እንግዳ እሷ ነበረች። የሙያ ነገር ሆኖብኝም የሙስካቱን ቀን በኤክሴል ሠራሁት። መጀመሪያ ታላቁ የሱልጣን ቃቡስ መስጊድ፣ ምክንያቱም ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚ ክፍት የሚሆነው ጠዋት ብቻ ነው። ቀጥሎ በፖርቹጋሎች ዘመን የተሠሩት የአል ጀላሊና የአል ሚራኒ ምሽጎች። ከዚያ ሙዚየም፣ ምሳ፣ ገበያ። ለእያንዳንዱ ሰዓት አለው። ለመቀመጥ ግን አንድም መስመር አልያዝኩም ነበር።

መርከቡ ሙትራህ ወደብ ሲጠጋ ሁላችንም ሰገነት ላይ ወጣን። ቡናማ ድንጋያማ ተራሮች እስከ ባሕሩ ጫፍ ወርደዋል፤ በእግራቸው ሥር ነጫጭ ቤቶች ተሰልፈዋል። ኮረብታው ላይ አንድ ግዙፍ ነጭ ነገር ቆሟል። «እማዬ፣ ያ ትልቅ ጀበና ነው?» አለች ልጄ። «ጀበና አይደለም የኔ ልጅ፣ የዕጣን ማጨሻ ነው» አለቻት አክስቴ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

በወደቡ አውቶቡስ እስከ በሩ ሄደን ወረድን። ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደው ኮርኒሽ የሚባለው መንገድ እዚያው ይጀምራል። ታክሲ ይዘን ልንገባ ስንል አክስቴ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«እናንተ ሂዱ። እኔ እዚሁ ልቆያችሁ።»

«እንዴ! መስጊዱ ይዘጋብናል እኮ» አልኳት።

«ዓርብ ዓርብ ማታ ቤተሰቡ ለመናፈስ እዚህ ይመጣ ነበር» አለች። «እነሱ ሲወርዱ እኔ የተኛውን ሕፃን ይዤ መኪና ውስጥ እቀራለሁ። ይቺን ቦታ የማውቃት በመስታወት ነው።»

ባለቤቴ ምንም ሳይናገር ታክሲውን አሰናበተው። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ልጄ ከድንጋዮቹ ሥር የሚዋኙትን ዓሦች ቆጠረች፤ ተሳሳተች፤ እንደገና ቆጠረች። አክስቴ ጫማዋን አወለቀች። ሌላ የተፈጠረ ነገር የለም። እኔ ግን ሥራ ከያዝኩ ወዲህ አጠገቧ ያን ያህል ቆይቼ አላውቅም።

ከዚያ በእግራችን ወደ ሙትራህ ገበያ ገባን። እዚያ አለቃችን እሷ ሆነች። ዕጣን ሻጩ 5 ሪያል ሲለን፣ አክስቴ በዓረብኛ አንድ ሁለት ነገር ብላው በ3 ሰጠን። ሳቁን ግን አልቻለም ነበር። የኦማን ዕጣን የሚመጣው በደቡብ ካለው ከዶፋር ነው፤ የዕጣን ምድሩ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእኛ መተማና ትግራይ የሚበቅለው ዛፍ የዚያ ዘመድ ነው፤ ሽታቸው ግን ይለያያል። አክስቴ ሁለቱንም በአፍንጫዋ ታውቃለች። «የመጀመሪያውን ዓመት የአገሬን ሽታ የማገኘው በዚህ ነበር፤ ትንሽ ሎሚ ሎሚ ይላል እንጂ» አለችን።

ምሳ ሳይደርስ ወደ መርከቡ ተመለስን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መርከብ ወደብ ላይ የቆመበት ከሰዓት በኋላ ምርጡ ሰዓት ነው። ተሳፋሪው ከተማ ነው፤ ገንዳው ባዶ ነው፤ ጥላ ያለው ወንበር እንደልብ ነው። ልጄ እስክትጠግብ ዋኘች። ቡፌው ጋ ስንበላ አክስቴ የሁላችንንም ሳህን ደራርባ ተነሳች። አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ለትንሽ ጊዜ ሳህኖቹን ሁለቱም ይዘዋቸው ቆሙ። ከዚያ ለቀቀችለትና «እግዜር ይስጥህ» አለችው፣ በአማርኛ።

ማታ መርከቡ ከወደቡ ሲለቅ ሰገነት ላይ ቆመን የኮርኒሹን መብራት አየን። አክስቴ ዕጣኑን ካቢን ውስጥ ማጨስ ፈልጋ ነበር፤ መርከብ ላይ እሳት ክልክል መሆኑን ስነግራት ተስማማች። በማግስቱ ጠዋት ስቀሰቅሳት አልጋዋ እንደተዝረከረከ ነበር። «ዛሬስ?» አልኳት። «ዛሬ እንግዳ ነኝ» አለችኝ። ለካቢን አስተናጋጁ ግን ጉርሻ ትራሷ ሥር ትታለታለች።

እናንተም እንዲህ ያለ ጉዞ ካሰባችሁ ሁለት ነገር አስቡ። ሙስካት ስትደርሱ ከኤሜሬትስ ወጥታችኋልና፣ ቪዛችሁ መልሶ የሚያስገባ መሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። ወደ መርከቡ የመመለሻ ሰዓት ደግሞ ከመነሻው ሰዓት ይቀድማል፤ አያምታታችሁ።

ሦስተኛውን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ ለጉዞ ዕቅድ ስታወጡ አብሯችሁ የሚሄደውን ሰው ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቃት ነው የሄድኩት። ዕጣኑ አሁን ቤታችን ነው፤ እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ ይጨሳል። የምታጨሰው ልጄ ናት። አክስቴ ተቀምጣ ታያለች።